“መጀመሪያ ዕድገት፣ በኋላ ጽዳት” የሚለው ሐሳብ የልማት ሕግ ነውን?

ጥያቄ፦ “የዓለም አቀፍ ልማትና የአካባቢ ጉዳዮች መግቢያ ትምህርት እየተከታተልሁ ነው። አንዱ ምዕራፍ አገሮች በደረጃ እንደሚያድጉ ያስተምራል፤ ሌላው የድሃ አገሮችን ድህነት ያመጣው የበለጸጉት ብልጽግና ነው ይላል፤ ሦስተኛው ደግሞ ዘላቂ ልማት ሁለቱንም እንደተካቸው ይናገራል። በመካከሉ ገቢ ሲጨምር ብክለት መጀመሪያ እንደሚጨምር፣ በኋላ ግን እንደሚቀንስ የሚያሳይ ኩርባ አየሁ። ኩርባው የመጀመሪያውን ንድፈ ሐሳብ ካረጋገጠ የቀሩትን ማጥናት ለምን ያስፈልጋል? ለማጠቃለያ ጽሑፌስ የትኛውን ብይዝ ይሻላል?”

ምላሽ፦ ኩርባው የደረጃ ንድፈ ሐሳቡን አያረጋግጥም፤ ዘላቂ ልማትም ሌሎቹን አልተካቸውም። ግራ መጋባቱ የመጣው ጥያቄው በዓይነት የማይመሳሰሉ ሦስት ነገሮችን እንደ ተፎካካሪ ስላሰለፋቸው ነው። የዘመናዊነት (አገሮች በደረጃ ያድጋሉ የሚለው) እና የጥገኝነት (የድሆቹን ድህነት ያመጣው የበለጸጉት ብልጽግና ነው የሚለው) ንድፈ ሐሳቦች አንዱ አገር ለምን እንደበለጸገ፣ ሌላው ለምን ድሃ ሆኖ እንደቀረ ምክንያት ለመስጠት የሚሞክሩ ማብራሪያዎች ናቸው። ኩርባው በተወሰኑ ዓመታት በተወሰኑ በካይ ነገሮች ላይ የታየ የአኃዝ ቅርጽ ነው፤ ቅርጹን ምን እንደፈጠረው ራሱ አይናገርም። ዘላቂ ልማት ደግሞ መንግሥታት የተስማሙበት ግብ ነው፤ ነገሮች ወዴት መሄድ እንዳለባቸው ይናገራል እንጂ አሁን ባሉበት ሁኔታ ለምን እንደሚገኙ አይገልጽም። ግብን ከማብራሪያ ጋር አወዳድሮ አንዱ ሌላውን ረታው ማለት አይቻልም። (ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

የደረጃ ንድፈ ሐሳቡን በሰፊው ያስተዋወቀው አሜሪካዊው የምጣኔ ሀብት ታሪክ ምሁር ዋልት ሮስቶው ነው። በ1960 ባሳተመው ሥራ ማንኛውም ኅብረተሰብ ከልማዳዊ ኑሮ ወጥቶ ለመነሣት እንደሚዘጋጅ፣ ከዚያ እንደሚነሣ፣ እንደሚጎለምስ፣ በመጨረሻም ብዙኃኑ በገፍ ወደሚሸምትበት ዘመን እንደሚደርስ ጻፈ። በዚህ አመለካከት መሬት፣ ውኃና ማዕድን ለምርት የሚውሉ ግብአቶች ናቸው፤ ጭሱና ፍሳሹ የሚያርፍበት ቦታ ግን ከአምስቱ ደረጃዎች በአንዱም ውስጥ ራሱን የቻለ ጉዳይ ሆኖ አልተነሣም። ስለዚህ ብክለት በገቢ ዕድገት እንደሚወገድ የሚናገረው ክፍል ከደረጃዎቹ ጋር የተሰፋው ከሠላሳ ዓመት በኋላ በኩርባው አማካይነት ነው። ኩርባው ቢጸና እንኳ ደረጃዎቹ አብረው አይጸኑም።

የኩርባው ታሪክ ራሱ ብዙ ያስተምራል። “የአካባቢ ኩዝኔትስ ኩርባ” የሚለውን ስሙን ያገኘው ከምጣኔ ሀብት ምሁሩ ከሳይመን ኩዝኔትስ ነው፤ ኩዝኔትስ ግን በ1955 ያቀረበው ግምት አገር ሲያድግ የገቢ ልዩነት መጀመሪያ ሰፍቶ ኋላ ይጠባል የሚል ነበር፤ ስለ ብክለት አልነበረም። ቅርጹን ወደ አካባቢ ጉዳይ ያዛወሩት ጂን ግሮስማንና አለን ክሩገር የተባሉ የምጣኔ ሀብት ባለሙያዎች ናቸው። በ1991 ያነሡት ጥያቄም ጠባብ ነበር፤ በሰሜን አሜሪካ የታቀደው የነጻ ንግድ ስምምነት የሜክሲኮን አካባቢ ያበላሻል ወይስ አያበላሽም የሚል። ከብዙ አገሮች ከተሞች የተሰበሰቡ የአየር ልኬቶችን ይዘው ሲያሰሉ፣ የሰልፈር ዳይኦክሳይድና የጭስ መጠን የነፍስ ወከፍ ገቢ ከ4,000 እስከ 5,000 ዶላር እስኪደርስ እንደሚጨምርና ከዚያ በኋላ እንደሚቀንስ አገኙ። በ1995 የወንዞችን ብክለት ጨምረው ባወጡት ጥናት አብዛኞቹ በካዮች ገቢ 8,000 ዶላር ከመድረሱ በፊት ወደ ታች ይታጠፋሉ አሉ፤ ዶላሩ በ1985 ዋጋ የተሰላ ነው። እዚያው ላይ ግን ሂደቱ በራሱ የሚሄድ አለመሆኑን፣ ገቢንና የብክለት መቀነስን የሚያያይዘው ዋናው ነገርም ሕዝብ ሲጠይቅ መንግሥት የሚወስደው የቁጥጥር እርምጃ መሆኑን ጽፈዋል። ሥዕሉን የሚጠቅሱ ሰዎች ይህን ማስጠንቀቂያ አብረው ሲጠቅሱ ያየሁት ከስንት አንዴ ነው።

እነዚህ በካዮች ለምን እንደሚታጠፉ መረዳት ቁልፉ ነው። ሰልፈር ዳይኦክሳይድና የከተማ ጭስ የሚጎዱት ከምንጫቸው አጠገብ ያለውን ሰው ነው፤ ጉዳታቸው በቀናት ውስጥ ይታያል፤ ምንጩ ይታወቃል፤ መፍትሔውም ነዳጅን ከመለወጥና ጭስ ማውጫን ከማስተካከል አይዘልም። በታኅሣሥ 1952 ለንደንን ለአምስት ቀናት የሸፈነው የድንጋይ ከሰል ጭስ በጊዜው ግምት አራት ሺህ ያህል፣ በኋለኞቹ ጥናቶች ደግሞ አሥራ ሁለት ሺህ ገደማ ሰው ገደለ፤ በ1956 የንጹሕ አየር ሕግ ወጣ። ለንደን በ1952 ድሃ ከተማ አልነበረችም፤ ስለ ከሰል ጭሷ አቤቱታ መቅረብ ከጀመረም ዘመናት ተቆጥረው ነበር። ገቢዋ ሕጉን ለማስፈጸም የሚያስፈልገውን ወጪ አቀለለላት እንጂ ሕጉን ራሱ አላወጣላትም። ሕጉን ያወጣው፣ መንግሥት ዝም ሊለው ያልቻለው ሞት፣ የሕዝብ ቁጣና የፓርላማ ክርክር ነው። አቤቱታ ማቅረብ በማይቻልበት አገር ያው ገቢ ያንኑ ውጤት ያመጣል ብሎ መጠበቅ ኩርባው ያልተሸከመውን መደምደሚያ መጫን ነው።

ካርቦን ዳይኦክሳይድ ግን እነዚህን ባሕርያት አንዱንም አይጋራም። የሚያወጣው አንዱ፣ የሚጎዳው ሌላው፣ ጉዳቱም በአሥርተ ዓመታት የሚደርስ ነው። እርግጥ ነው፣ አንዳንድ የበለጸጉ አገሮች ልቀታቸውን በጉልህ ቀንሰዋል፤ ብሪታንያ በግዛቷ ውስጥ የሚወጣውን ከ1990 ወዲህ ወደ ግማሽ አውርዳለች። ይሁን እንጂ ከውጭ የምታስገባቸው ዕቃዎች ሲመረቱ የወጣው ካርቦን ሲደመርባት ቅናሹ ያነሰ ይሆናል። ብክለት በአንድ አገር ውስጥ የሚቀንሰው በሁለት መንገድ ነውና፤ አንዱ ያንኑ ዕቃ በንጹሕ መንገድ ማምረት ሲሆን ሌላው ቆሻሻውን ሥራ ለሌላ አገር ትቶ ምርቱን መግዛት ነው። በግራፉ ላይ ሁለቱም ወደ ታች የሚወርድ አንድ መስመር ሆነው ይታያሉ። አንዳንዴም ሥራው ቀርቶ ቆሻሻው ራሱ ይጓዛል። በ1988 ከጣሊያን የተጫነ መርዛማ ቆሻሻ በናይጄሪያዋ የወደብ ከተማ በኮኮ በአንድ ግለሰብ ግቢ ውስጥ ተከማችቶ ተገኘ። አደገኛ ቆሻሻ ድንበር የሚሻገርበትን መንገድ የሚቆጣጠረው የባዝል ስምምነት በማግሥቱ ዓመት የተፈረመው ይህንና መሰል ቅሌቶችን ተከትሎ ነው። ኩርባውን “ሁሉም አገር የሚሄድበት መንገድ” አድርጎ ለሚያነብ ሰው ይህ ከባድ ችግር ነው፤ ቀድመው የበለጸጉት ቆሻሻውን ወደ ሌላ አገር በመግፋት ከወረዱ፣ በመጨረሻ ለሚደርሰው የሚገፋበት አገር አይቀረውም።

የማይመለስ ጉዳትም አለ፤ ከሁሉ በላይ እዚህ ላይ እንዲያተኩሩ እፈልጋለሁ። በደቡባዊ ጃፓን ሚናማታ በተባለች የባሕር ዳር ከተማ የቺሶ ኩባንያ ፋብሪካ አሴታልዴሃይድ የተባለውን ኬሚካል ለማምረት ሜርኩሪ ይጠቀም ነበር፤ ፍሳሹ ወደ ባሕረ ሰላጤው ይገባ፣ ሜርኩሪው በዓሣው ውስጥ ይከማች ነበር። ከሰው በፊት ዓሣ የበሉ ድመቶች እየተንቀጠቀጡ መሞት ጀመሩ። በ1956 የሰዎቹ ሕመም በይፋ ተመዘገበ፤ በ1959 የኩማሞቶ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች መንሥኤው ሜርኩሪ መሆኑን አመለከቱ፤ ምርቱ ግን እስከ 1968 አልቆመም፣ መንግሥትም የፋብሪካውን ፍሳሽ በይፋ መንሥኤ ያደረገው በዚያው ዓመት ነው። እነዚያ ዓመታት ጃፓን ለዓለም የፈጣን ዕድገት ምሳሌ የሆነችባቸው ናቸው። የተመረዘውን ደለል ከባሕረ ሰላጤው የማስወገዱ ሥራ ከ1977 እስከ 1990 ወሰደ። በአገር አቀፍ አማካይ ላይ የተሳለ መስመር ጃፓን ብክለትን እንደቀነሰች ያሳያል፤ እውነትም ነው። በእናታቸው ማኅፀን ሳሉ ተመርዘው የተወለዱት ሕፃናት ግን በዚያ መስመር ላይ ቦታ የላቸውም። “በኋላ ይጸዳል” የሚባለው ሊጸዳ ለሚችል ነገር ብቻ ነው። የጠፋ ዝርያ፣ ታጥቦ ያለቀ አፈር፣ የተጎዳ የሕፃን አንጎል ገቢ ሲጨምር አይመለሱም።

የጥገኝነት ንድፈ ሐሳብ ጠቃሚ የሚሆነው ኩርባው ሊያየው በማይችለው ነገር ላይ ነው፤ ኩርባው እያንዳንዱን አገር ለብቻው ቆሞ የሚያድግ አድርጎ ይለካል። የምጣኔ ሀብት ምሁራኑ ራውል ፕሬቢሽና ሃንስ ሲንገር በ1950 አካባቢ፣ የጥሬ ዕቃ ዋጋ ከፋብሪካ ምርት ዋጋ አንጻር በረጅም ጊዜ ወደ ታች ያዘነብላል አሉ። አንድሬ ጉንደር ፍራንክ በ1960ዎቹ ሐሳቡን አክርሮ፣ ኋላ ቀርነት ገና ያልተጀመረ ልማት ሳይሆን ከዓለም ገበያ ጋር በመያያዝ የተፈጠረ ሁኔታ ነው ሲል ተከራከረ። ሦስቱም ዋና ጉዳያቸው አካባቢ አልነበረም፤ ነገር ግን ከሐሳባቸው የሚወጣው መዘዝ ግልጽ ነው። አንድ አገር ያንኑ ትራክተር ለመግዛት ከዓመት ዓመት ብዙ እንጨት፣ ብዙ ጥጥ ወይም ብዙ መዳብ መሸጥ ካለበት፣ ልዩነቱን የሚከፍለው ደን፣ አፈርና ወንዝ ነው። ዕዳ ሲጨመርበት ደግሞ የክፍያው ቀን ደኑ እስኪያገግም አይጠብቅም።

ይህንንም ቢሆን ያለ ገደብ አይያዙት። የጥሬ ዕቃ ዋጋ በ2000ዎቹ መጀመሪያ ለዓመታት አሻቅቧል፤ ስለዚህ የዋጋው ቁልቁለት እንደ ብረት የጸና ሕግ አይደለም፣ አገሮችን በይበልጥ የሚጎዳቸው የዋጋው መዋዠቅ ነው የሚሉ ተመራማሪዎች ብዙ ናቸው። ደቡብ ኮሪያና ታይዋን ከዓለም ገበያ ጋር ተያይዘው መበልጸጋቸው የንድፈ ሐሳቡን የከረረ ቅጂ አፍርሶታል። የአራል ሐይቅ ጥፋት ደግሞ ሌላ ፈተና ነው። በ1960 ከዓለም ሐይቆች በስፋቱ አራተኛ የነበረው ይህ ውኃ፣ አሙ ዳርያና ሲር ዳርያ የተባሉት ገባሮቹ ለጥጥ መስኖ ተጠልፈው በአብዛኛው ደርቋል፤ የጠለፋቸውም ከካፒታሊስት ገበያ ውጭ ያቅድ የነበረው የሶቪየት መንግሥት ነው። ብርቱ የጥገኝነት ተከራካሪ እዚህም ማዕከል (ተጠቃሚዋ) ሞስኮ፣ ዳር (ሀብቷ የሚወሰድባት) ማዕከላዊ እስያ ነበረች ብሎ ሊመልስ ይችላል፤ መልሱ የሚናቅ አይደለም፣ ግን ያን ጊዜ ክርክሩ ስለ ዓለም ገበያ መሆኑ ቀርቶ ስለ ሥልጣን ይሆናል።

አሁን ወደ ዘላቂ ልማት። በ1972 በስቶክሆልም በተካሄደው የተባበሩት መንግሥታት ጉባኤ ላይ የሕንድ ጠቅላይ ሚኒስትር ኢንድራ ጋንዲ ድህነትና እጦት ከሁሉ የከፉ በካዮች አይደሉምን ብለው መጠየቃቸው የታወቀ ነው፤ ሐሳቡ የተወለደው አካባቢን እንጠብቅ በሚሉና መጀመሪያ ከድህነት እንውጣ በሚሉ ወገኖች መካከል በነበረው በዚህ ውጥረት ውስጥ ነው። በኖርዌይዋ ጠቅላይ ሚኒስትር በግሮ ሃርሌም ብሩንትላንድ የተመራው የተባበሩት መንግሥታት ኮሚሽን በ1987 የሰጠው ፍቺ፣ የአሁኑን ትውልድ ፍላጎት የሚያሟላ፣ መጪው ትውልድ የራሱን ፍላጎት የማሟላት አቅሙን ሳያሳጣ የሚካሄድ ልማት የሚል ነው። ብዙ ተማሪዎች እዚህ ላይ ያቆማሉ። ኮሚሽኑ ግን ወዲያው ሁለት ነገር አክሏል፤ ቅድሚያ የሚሰጠው ለድሆች መሠረታዊ ፍላጎት መሆኑን፣ እንዲሁም የቴክኖሎጂና የማኅበራዊ አደረጃጀት ሁኔታ በአካባቢ አቅም ላይ የሚጥለው ገደብ መኖሩን። ሁለቱ ሲቆረጡ ፍቺው ማንም የማይቃወመው፣ ስለዚህም ምንም የማያስገድድ ይሆናል።

ገደቡን እንዴት እንረዳው በሚለው ላይ ባለሙያዎች ተለያይተዋል። ደካማ ዘላቂነት የሚባለው አቋም የተፈጥሮ ሀብት ቢያልቅም ከሽያጩ የተገኘው ገንዘብ በፋብሪካ፣ በትምህርት ወይም በሌላ ሀብት ከተተካ መጪው ትውልድ አልተጎዳም ይላል፤ ጠንካራ ዘላቂነት ደግሞ በገንዘብ የማይተካ ተፈጥሮ አለ ባይ ነው። ልዩነቱ የቃላት እንዳይመስልዎ ናውሩን ይመልከቱ። ይህች 21 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል ስፋት ያላት የፓስፊክ ደሴት ለማዳበሪያ በሚውል ፎስፌት የታወቀች ነበረች። ማዕድኑ በውጭ ኃይሎች እጅ ለዓሥርተ ዓመታት ሲቆፈር ቆይቶ በ1968 ነጻነቷን ስታገኝ፣ መንግሥቱ ከሽያጩ ገቢ ከፊሉን ማዕድኑ ሲያልቅ ለሚመጣው ጊዜ በአደራ ፈንድ ማስቀመጥ ቀጠለ። የደካማ ዘላቂነት መምህር ከዚህ የተሻለ ምክር ባልሰጠ ነበር። በ1970ዎቹና በ1980ዎቹ የደሴቲቱ የነፍስ ወከፍ ገቢ በዓለም ከፍተኛ ከሚባሉት አንዱ ነበር። ፈንዱ ግን በውጭ አገር ሕንፃዎች ላይ በፈሰሰ ገንዘብ፣ በብክነትና በመጥፎ አስተዳደር ተመናመነ፤ ለንደን ውስጥ በአጭር ጊዜ የተዘጋ አንድ የሙዚቃ ቲያትር እንኳ በናውሩ ገንዘብ ነበር የቆመው። የደሴቲቱ አራት አምስተኛ እጅ ያህሉ ተቆፍሮ የሾሉ የኖራ ድንጋዮች መስክ ሆኖ ቀረ፤ የሚታረስበትም የሚሠፈርበትም አይደለም። ናውሩ ከነጻነት በፊት ስለተቆፈረው መሬት በ1989 አውስትራሊያን በዓለም አቀፉ ፍርድ ቤት ከስሳ በ1993 በስምምነት ካሳ አገኘች፤ አፈሩ ግን አልተመለሰም። ገንዘቡ በጥሩ ቢተዳደር ኖሮ ውጤቱ ይለይ ነበር የሚል ሰው ልክ ነው። ይሁን እንጂ ተፈጥሮን በገንዘብ መተካት ማለት መሬትን ለትውልዶች በሚዘልቅ የአስተዳደር ብቃት ማስያዝ ማለት እንደሆነ ናውሩ በደንብ ታሳያለች።

አልጠየቁትም እንጂ ማለፍ የማይገባኝ አንድ ነጥብ አለ። የመግቢያ መጻሕፍት ብዙ ጊዜ ድሃ ሰው መሬቱን ያራቁታል፣ የጋራ ግጦሽ ሁልጊዜ ይጠፋል የሚል ሐሳብ እንደ ተረጋገጠ ነገር ያቀርባሉ። ጋሬት ሃርዲን በ1968 የጻፈው የጋራ ሀብት መከራ የሚገልጸው ማንም ገደብ የማያበጅለትን ሀብት ነው። ኤሊኖር ኦስትሮም፣ በ2009 የኖቤል ሽልማት የተሰጣት ምሁር፣ ሰዎች ራሳቸው ደንብ አውጥተው ለዘመናት የጠበቋቸውን ብዙ የጋራ ሀብቶች መርምራለች፤ በስዊዘርላንድ የቶርበል መንደር ሰዎች በ1517 በጻፉት ደንብ ማንም በበረዶው ወራት ሊቀልብ ከሚችለው በላይ ላም ወደ ተራራው ግጦሽ እንዳይልክ ከልክለዋል። በጊኒ ኪሲዱጉ አካባቢም ባለሥልጣናት ከቅኝ ግዛት ዘመን ጀምሮ የመንደሮቹን ደኖች ገበሬ ያጠፋው ትልቅ ደን ቅሪት አድርገው ሲቆጥሩ ኖረው፣ በ1990ዎቹ ጄምስ ፌርሄድና ሜሊሳ ሊች የድሮ የአየር ፎቶግራፎችንና የሽማግሌዎችን ትውስታ አመሳክረው ብዙዎቹን ደኖች ያበቀሉት መንደርተኞቹ ራሳቸው መሆናቸውን አሳዩ። በመሬቱ ላይ ማን እንደሚያዝ፣ ማን ጥፋተኛ ተብሎ እንደሚፈረጅ የሚጠይቀው ፖለቲካዊ ሥነ ምኅዳር የተባለው አካሄድ ያደገው ከእንዲህ ያሉ ጥናቶች ነው፤ ከሦስቱ ምዕራፎችዎ ውስጥ ካልተነሣ ፈልገው ያንብቡት።

ለጽሑፍዎ የምመክረው ንድፈ ሐሳብ መርጠው ጉዳይ እንዳይፈልጉለት ነው። አንድ ቦታ ላይ የደረሰ አንድ ጉዳት ይምረጡ፤ “የአካባቢ ብክለት በታዳጊ አገሮች” የሚል ርእስ አይደለም፣ የአንድ ወንዝ፣ የአንድ ማዕድን ማውጫ ወይም የአንድ ደን ጉዳይ ይሁን። ከዚያ ጉዳቱ ሊመለስ የሚችል መሆን አለመሆኑን፣ ተጎጂውና ተጠቃሚው በአንድ መንግሥት ሥር መኖር አለመኖራቸውን፣ ተጎጂው የሚሰማለት አቤቱታ ማቅረብ መቻል አለመቻሉን ይለዩ። ጉዳቱ የሚመለስ፣ በአንድ አገር ውስጥ ያለና ድምፅ ያለው ሕዝብ የሚጎዳበት ከሆነ ኩርባው የሚነግርዎ ነገር አለ። ምርቱ ወደ ውጭ የሚሄድ፣ ዋጋውም በውጭ የሚወሰን ከሆነ ከጥገኝነት ይጀምሩ። ተጎጂው በዚያው አገር ውስጥ ሥልጣን የሌለው ከሆነ ፖለቲካዊ ሥነ ምኅዳር ይሻላል። ዘላቂ ልማትን ውጤቱን የሚመዝኑበት መስፈርት አድርገው በመደምደሚያው ይጠቀሙበት፤ መንሥኤ ለማስረዳት አይሠራምና። ሁለት ማብራሪያዎችን በአንድ ጉዳይ ላይ አጋጥመው አንዱ የሚያስረዳውን፣ ሌላው ግን ማስረዳት የሚሳነውን ማስረጃ ማሳየት ለመግቢያ ደረጃ ጽሑፍ ይበቃል፤ አራቱንም ማስታረቅ አይሞክሩ።

ሁለት ጥንቃቄ ልጨምር። ኩርባውን የሚጠቅሱ ከሆነ መረጃው በአንድ ጊዜ የተለያዩ አገሮችን ያወዳደረ ነው ወይስ አንዱን አገር በዘመናት ውስጥ የተከተለ የሚለውን መጀመሪያ ያጣሩ፤ ዛሬ ያለችን ድሃ አገርና ዛሬ ያለችን ሀብታም አገር ጎን ለጎን አስቀምጦ ሁለተኛዋ የፊተኛዋ የነገ ዕጣ ናት ማለት ማስረጃ ሳይሆን ግምት ነው። የካርቦን ወይም የደን መረጃ የሚጠቀሙ ከሆነ ደግሞ በግዛት ውስጥ የተመረተውን ነው ወይስ ነዋሪው የተጠቀመበትን የሚቆጥር መሆኑን በጽሑፍዎ ውስጥ ይግለጹ፤ ሁለቱን ማቀላቀል ሙሉ ክርክርዎን ሊገለብጠው ይችላል።